ባሕር ውስጥ የተዘረጉ አልጋዎች

ዋይሎማ፣ ፌብሩዋሪ 4

ለእህቴ ልጅ ለኡናይሲ፣

ባሕርን ከየብስ የለየ አምላክ አንቺንም ከኒውዚላንድ ብርድ ይለይሽ። እኔ አጎትሽ አፒሳይ ከጉልበቴ፣ ከጥርሴና ከጎረቤቶቼ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

የስልኩ ማማ በጃንዋሪው አውሎ ነፋስ ስለወደቀ እንደ ድሮው በወረቀት መጨዋወታችን ነው። እኔስ ደስ ብሎኛል። በስልክ ሳወራ መሃል ላይ ታቋርጪኛለሽ፤ በወረቀት ግን ወደድሽም ጠላሽም ታስጨርሺኛለሽ። ነፋሱ ብዙም አልጎዳንም። የማድ ቤቴን ጣሪያ አንሥቶ ፓስተሩ ጓሮ አስቀመጠው። ፓስተሩም "ከላይ የመጣ ስጦታ ነው" ብሎ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሾርባዬ ይበዛል።

ጃንዋሪ 22 ቀን ባላባታችን ራቱ ሜሊ ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ከባሕሩ አንድ ቦታ ተከልሎ እስከ መቶኛው ሌሊት መረብም መንጠቆም እግርም አይገባበትም። ሽማግሌዎቹ "የሐዘኑን ምሰሶ የት እንትከል?" ሲሉ አጎትሽ ዝም የሚል መሰለሽ? ተነሥቼ፣ ዓይኔን ጠርጌ፣ "ጌታችን ከልጅነታቸው ጀምረው የሚወዱት ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ያለውን ባሕር ነበር" አልኩ። ራቱ ሜሊ የሚወዱት የቆርቆሮ ዓሣ እንደነበር እኔና አንቺ እናውቃለን። ግን ማን ይከራከረኛል? ምሰሶው የዛፍ ልጥ ጨርቅ ታስሮበት እናትሽ በጀመረችው የኮራል እርሻ መካከል ተተከለ። ይኸውልሽ፣ መቶ ሌሊት ሙሉ ማንም አይረግጣቸውም!

እናትሽ ከተዘጋው ክሊኒክ ጎትታ አውጥታ ባሕሩ ውስጥ የዘረጋቻቸው ዘጠኙ የብረት አልጋዎች ሁሉም በቦታቸው ናቸው። ትናንት ከእማማ ሩሲላና ከሴቶቹ ጋር፣ እግር አይግባ እንጂ ዋና አልተከለከለም ብለን፣ ጠልቀን ስንቆጥር በሽቦ ያሰርንባቸው የኮራል ቅርንጫፎች አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆኑ። ችግራቸው አረንጓዴው ዝቃጭ ነው፤ ካልፈተግነው ያፍናቸዋል። ስለዚህ የጥርስ ብሩሽ ላኪልኝ፣ ብዙ። ለእኔ እንዳይመስልሽ፤ የቀሩኝን አራት ጥርሶች በጣቴ አዳርሳቸዋለሁ።

ለእናትሽ መቃብር ብለሽ የላክሽው አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ደርሷል። ጥሩ ሥራ ላይ ውሏል።

የማትሰለቺው አጎትሽ፣ አፒሳይ


ሀሚልተን፣ ፌብሩዋሪ 25

ለአጎቴ ለአፒሳይ፣

ጤናዎትንና አራቱን ጥርሶችዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ የአረጋውያን ቤት በቀን አሥራ ስድስት አልጋ አነጥፋለሁ። እርስዎ በዘጠኝ አልጋ ይኩራሩ!

አርባ የጥርስ ብሩሽ ልኬያለሁ። ሻጯ "ትልቅ ቤተሰብ አላችሁ?" ስትለኝ "አራት መቶ አሥራ ሁለት" አልኳት። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት ደግሞ የዋና መነጽር ጨምራልዎታለች።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዘጠኝ ዓመቴ የራቱ ሜሊ ወንድም ሲሞቱ መቶኛው ሌሊት ሲሞላ የተደረገው የዓሣ ከበባ ትዝ ይለኛል። የኮኮናት ቅጠል የታሰረበትን ረጅም ሐረግ ሁላችንም፣ ሽማግሌና ሕፃን ሳይቀር፣ ይዘን እየጮህንና ውኃውን እየደበደብን ዓሣውን ወደ መሃል ነዳነው። ኮራሉ እግሬ ሥር እንደ ብስኩት ሲፈረካከስ ይሰማኝ ነበር። ማታ እናቴ ኮራሉ የቆራረጠውን እግሬን በሎሚ እያሸች "ዛሬ ብዙ ነገር ሰበርን" አለችኝ። ዘንድሮም ከበባ አለ? የት ነው የሚደረገው?

የመቃብሯንም ፎቶ ይላኩልኝ። ሲሚንቶው ላይ ስሟ በትክክል መጻፉን ማየት እፈልጋለሁ።

ኡናይሲ


ዋይሎማ፣ ማርች 19

ለኡናይሲ፣

የመልካም ቀን ሁሉ ጌታ ከአንቺ አይራቅ። መልሴ የዘገየው መርከቡ ተበላሽቶ ነው ልልሽ አስቤ ነበር። መርከቡ ደህና ነው። እኔ ነኝ የተበላሸሁት።

ደብዳቤሽን ገና መርከቡ ማረፊያ ላይ ቆሜ አነበብኩት። "የት ነው የሚደረገው?" የሚለው ላይ ስደርስ እማማ ሩሲላ "ምነው፣ ሰው ሞተብህ?" አለችኝ። አንቺ ልጅ፣ ከበባው የሚደረገው የተከለለው ቦታ ላይ ነው! መቶ ሌሊት የተጠበቀው ዓሣ ለተዝካሩ ይወጣል፤ መጠበቁም ለዚሁ ነው። ይህን በመንደሩ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። በገዛ እጄ ምሰሶውን እርሻችን መካከል ሳስተክል መቶውን ሌሊት ብቻ አየሁ፤ መቶ አንደኛውን ቀን አላየሁም። ሦስት መቶ ሰው ሐረግ ይዞ የእናትሽን አልጋዎች ሊረግጥ ነው። ሜይ 2 ሌሊቱ ይሞላል።

ወደ ሟቹ ልጅ ወደ ራቱ ኢሶአ፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር ለእጅ መንሻ ይዤ ሄድኩ።

"ራቱ፣ ከበባውን ወደ ማዶው የባሕር ወሽመጥ ብናዞረውስ?"

"አጎቴ አፒሳይ፣ ምሰሶው እዚህ ይተከል ብሎ የለመነው ማን ነበር?"

"አንድ ቂል ሽማግሌ።"

"አባቴ ይህን ቦታ ይወዱ ነበር ብሎ ያለቀሰውስ?"

"እሱም ያው ቂል ነው።"

"እንግዲያው ልንገርዎ። ለስድስት መንደር 'አባቴ ከሚወዱት ባሕር ዓሣ ትበላላችሁ' ብዬ መልእክት ልኬያለሁ። ባላባት ከሆንኩ ገና ሁለት ወር መሆኔ ነው። የመጀመሪያ ቃሌን እንዴት ልብላ?"

ልጁ ክፉ አይደለም። በራሴ ውሸት ነው ያሰረኝ። እማማ ሩሲላማ "በምላስህ ተክለህ በምላስህ ልትነቅል!" እያለች ውኃ መቅጃው ድረስ ትከተለኛለች።

አልጋዎቹን ወደ ጥልቁ ልናሸሻቸው ሞከርን። ሁለተኛውን ስናነሣ የዛገው ብረት ተበጥሶ ሠላሳ ሁለት ቅርንጫፍ አለቀ። ሌሎቹን መንካት ፈራን። በዚያ ላይ ሙቀቱ! ባሕሩ ለብ ያለ ሻይ ሆኗል። ከግማሽ በላይ ኮራሎች ቀለማቸው ወጥቶ እንደ አጥንት ነጥተዋል። ነጣ ማለት ገና ሞተ ማለት አይደለም፤ ውኃው ከቀዘቀዘና ማንም ካልነካቸው ያገግማሉ። ማንም ካልነካቸው።

ብሩሾቹ ደርሰዋል፣ ተመስገን። ከእንግዲህ ሌላ ብሩሽ አትላኪ። ምን ላኪልኝ እንደምልሽ አላውቅም።

ስለ ፎቶው፣ ካሜራ ያለው ስልክ የያዘው ፓስተሩ ብቻ ነው፤ እሱም ውኃ ገብቶበታል።

አፒሳይ


ሀሚልተን፣ ኤፕሪል 3

ለአጎቴ፣

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎት፤ ለእኔም።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ አንሶላ ስዘረጋ የማየው እነዚያን ብረቶች ነው። እናቴ በመጨረሻው ዓመቷ ሳል እያጣደፋት እንኳ ትጠልቅ ነበር። "እኔ ሳልኖር ማዕበሉን የሚያቆምላችሁ ይሄ ነው" ስትል እኔ በስልክ "እማዬ፣ መጀመሪያ መድኃኒትሽን ዋጪ" እላት ነበር።

ለተዝካሩ የሚሆን የቀዘቀዘ ዓሣ ከከተማ ገዝቼ ልላክ? ለራቱ ኢሶአ እንደ ወጉ ለልመና የሚቀርበውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ፈልጌ ልላክና እርስዎ ይለምኑልኝ? የሚሆነውን ብቻ ይንገሩኝ።

ደግሞ ስለ መቃብሩ ጠይቄ ነበር። አጎቴ፣ ስለ ማድ ቤት ጣሪያ አንድ አንቀጽ ሙሉ የሚጽፉ ሰው ለእናቴ አንድ መስመር ያጣሉ? ለፓስተሩ ልጅም ጽፌላት ነበር። ስለ መዘምራን ልብስ ብቻ መለሰችልኝ። ምን ሆናችሁ?

ኡናይሲ


ዋይሎማ፣ ኤፕሪል 12

ለኡናይሲ፣

መንገድሽን ሁሉ አምላክ ያቅናልሽ። ይህን ምርቃት ዛሬ ከልቤ ነው የምጽፈው፤ መንገድ እንድትሄጂልኝ ስለምፈልግ።

የቀዘቀዘ ዓሣ አይሆንም፤ ራቱ ኢሶአ የማለው በዚያ ባሕር ዓሣ ነው። የዓሣ ነባሪ ጥርስ ከእኔ እጅ አይቀበልም፤ ውሸታም ነኝ። ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ጣሪያ የሌለው ማድ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ኮከብ ስቆጥር የፓስተሩ አሳማ ትዝ አለኝ።

ረሳሽው? የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ ከአባትሽ ደሴት ለገና መጣሽ። የያኔው ፓስተር ለበዓል ያሰባትን አሳማ አይተሽ፣ ጀርባዋ ላይ እጅሽን አሳርፈሽ፣ "የእኔ ናት፣ እኔ ቫሱ ነኝ" አልሽ። ፓስተሩ ወዙ ፈሰሰ። እናትሽ በኀፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች። ግን ማን ይከለክላል? የመንደሩ ሴት ልጅ የወለደችው ልጅ ቫሱ ነው፤ በእናቱ አገር እጁን ያሳረፈበት ነገር የእሱ ነው። ባላባትም ቢሆን እምቢ አይልም። አሳማዋን በገመድ እየጎተትሽ ወደ መርከብ ስትወስጂ ሳቅ ብሎ ነገር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ነይ። ስብሰባው ሜይ 1 ነው። ገብተሽ እጅሽን ምሰሶው ላይ አሳርፊና "የእኔ ነው" በይ። ያኔ ራቱ ኢሶአ ቃሉን በላ አይባልም፤ ቫሱ ወሰደችበት ይባላል። እሱም በልቡ የሚጠብቀው ይህንኑ ይመስለኛል። ትናንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ ስለ እናትሽ አንሥቶ "ማካሬታ ልጅ አልነበራትም እንዴ?" ብሎኝ አለፈ።

ልጄ፣ እኔ ልመና አልወድም፤ ታውቂያለሽ። ዛሬ ግን እለምንሻለሁ። ኮራሉ ከሞተ ማዕበሉን ማን ይሰብረዋል? ባሕሩ አሁን የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ደርሷል።

አጎትሽ አፒሳይ


ሀሚልተን፣ ኤፕሪል 20

አጎቴ፣

መምጣት አልችልም። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፤ አለቃዬ ሦስት ጊዜ አዘነችልኝና ሦስት ጊዜ እምቢ አለችኝ። ውሌ የሚያልቀው በጁላይ ነው። አሁን ጥዬ ከወጣሁ የሥራ ፈቃዴ ይሰረዛል፤ የሁለቱ ታናናሾቼ ትምህርት ቤትም ከእኔ ጋር ይሰረዛል። ትናንት የምጦራቸው ወይዘሮ እጄን ይዘው "ለምን ታለቅሻለሽ?" አሉኝ። ባሕር አልኳቸው። "ባሕር ጨዋማ ነው" ብለው አጽናኑኝ፤ ቅዠት ላይ ናቸው።

በሌላ ወረቀት የጻፍኩትን በስብሰባው ላይ ያንብቡልኝ። ሳያቀላጥፉ፣ ሳይጨምሩ፣ እንደ ጻፍኩት ያንብቡ። ገልብጠው ጀርባውንም ያሳዩ።

የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ደርሷል ብለዋል። ዛፉ ያለው ከእናቴ መቃብር ወደ ላይ፣ ከባሕሩ ራቅ ብሎ ነው።

አሁን አልጠይቅም። መጀመሪያ አልጋዎቹን ያድኑልኝ።

ኡናይሲ


ዋይሎማ፣ ሜይ 9

ለኡናይሲ፣

ሰላምታዬን በምን ቃል እንደምጀምር አላውቅምና ከወሬው ልጀምር።

ደብዳቤሽ በመጨረሻው መርከብ ደረሰ። ሜይ 1 ማታ የያንጎናው ገበቴ ዙሪያ ተቀመጥን። ወረቀትሽን ከያንጎናው ሥር እስር ጋር ራቱ ኢሶአ ፊት አኖርኩት፤ ከዚያ አንሥቼ አነበብኩ። "እኔ የዋይሎማዋ የማካሬታ ልጅ ኡናይሲ ቫሱ ነኝ። ከእናቴ መንደር እስከ ዛሬ የወሰድኩት አንድ አሳማ ብቻ ነው። አሁን በሐዘኑ ምሰሶ ዙሪያ ያለውን ባሕር ከነአልጋዎቹ እወስዳለሁ። የምወስደው እንዲቀመጥልኝ ነው።" አንድ ቃል አልጨመርኩም። አጎትሽ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የባላባቱ አፈ ጉባኤ አጉረመረመ። "ቫሱ እጇን ታሳርፋለች እንጂ ወረቀት ትልካለች እንዴ? ወረቀት እጅ አለው?"

ገለበጥኩት። በእርሳስ የከበብሽው እጅሽ ከነአምስት ጣቱ እዚያ ነበር።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ሩሲላ "የአፒሳይ ዘር መሆኗ አሁን ታወቀ!" ብላ ጭኗን መታች። ራቱ ኢሶአም ፈገግ ብሎ ነበር፤ ግን የስድስቱ መንደር እንግዶች እያዩት ነው። "መልካም፣ እጅ ነው" አለ። "ቫሱ ግን የሚዳሰስ ነገር ትነካለች። ይህች እጅ ምኑን ነካች? ውኃውን? የዛገ ብረት? ለስድስት መንደር ምን ነካች ልበል?"

ያን ጊዜ ቀልድ ፈለግኩ። ኪሴን ሁሉ ዳበስኩ፤ አንድም አልነበረም።

"እናቷን" አልኩ።

የመንደራችን ሰው ሁሉም ያውቃል። እንዳይናገሩ ያስማልኳቸው እኔ ነኝ፤ እነሱም መሐላቸውን ጠብቀው፣ ስለ እሷ ባለማውራት፣ ወዴት እንደሄደች ማሰቡን ራሱ ትተውት ነበር። እማማ ሩሲላ ተነሣች። "በነፋሱ ቀን ማዕበሉ መቃብሩን ንዶ ማካሬታን ከነሣጥኗ ሲወስድ ዛፉን ይዘን ቆመን አይተናል። በአልጋዎቹ በኩል ነው ያለፈችው። በማግስቱ የሣጥኗን እጀታ ከሰባተኛው አልጋ እግር ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ነገ እዚያ ላይ ልትጨፍሩ ነው?"

ራቱ ኢሶአ ጽዋውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ፤ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። "የቫሱ ነው" አለ።

በማግስቱ ከበባው ወደ ማዶው ወሽመጥ ዞረ። ሦስት መቶ ሰው ከቦ ሠላሳ አንድ ዓሣ አወጣ። ስድስቱ መንደሮች የቆርቆሮ ዓሣ በካሳቫ በልተው እያሽሟጠጡ ሄዱ። ሟቹ ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር፤ ልጃቸው ግን አያናግረኝም።

አሁን እንግዲህ የእኔ ነገር። ጃንዋሪ 8 ቀን፣ በዚያ ነፋስ ነው ከመቃብሯ የሄደችው። መቃብር የለም፣ ኡናይሲ። ሲሚንቶሽ ከሳምንት በኋላ ደረሰ። አምስቱን ከረጢት እያየሁ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ምኑ ላይ ላፍስሰው? በመጨረሻ አቡክቼ የሰባተኛውንና የስምንተኛውን አልጋ እግሮች ተከልኩበት። ስሟንም በሚስማር ጻፍኩበት፤ ማንም አያነበውም፣ አሁን አረንጓዴው ሸፍኖታል። ልነግርሽ ስነሣ ቀልድ ይቀድመኛል፤ ቀልዱ ሲያልቅ ወረቀቱም ያልቃል። ጥፋቴን በዕድሜዬ አታሳቢልኝ።

ከሦስት መቶ ሰማንያው ዛሬ ቀለም የያዙት መቶ አርባ ሦስት ናቸው። ሌሎቹ ሞተዋል። ውኃው ትንሽ ቀዝቅዟል። የሚተርፉ ይተርፉ ይሆናል፤ ቃል አልገባልሽም፤ ቃል ከአፌ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ አይተሻል።

ከአንቺ ምንም አልጠይቅም። መልስ ብቻ።

አፒሳይ


ዋይሎማ፣ ጁን 6

ኡናይሲ፣

መርከቡ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ስድብም ቢሆን ላኪልኝ። መቶ ሠላሳ ስምንት ቀርተዋል።

አፒሳይ


ሀሚልተን፣ ጁን 28

አጎቴ አፒሳይ፣

እግዚአብሔር ይስጥዎት ልል አልችልም፤ እግዚአብሔር ይይልዎትም ልል አልቻልኩም። ስድስት ሳምንት ሁለቱን ሳመዛዝን ቆየሁ።

ከጃንዋሪ እስከ ሜይ እሑድ እሑድ ስለ አንድ ሲሚንቶ ጸለይኩ። ይህን ማወቅ አለብዎት። ሲያገኙኝም ቀልድ እንዳይጀምሩ፤ መጀመሪያ አብረን እናልቅሳለን፣ ቀልዱ ከዚያ በኋላ ነው።

ውሌን አላደስኩም። ታናናሾቼን ለአባቴ ወንድም አደራ ብያለሁ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚሆናቸውን ቆጥቤያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ኦገስት 14 በሚመጣው መርከብ ወደብ ላይ ይጠብቁኝ። ለፓስተሩ ጣሪያዎን የምትወስድበት ቫሱ እየመጣች ነው ይበሉት።

አራት ዓመት የሰው እናት አልጋ ሳነጥፍ ኖሬያለሁ። አንድ ብሩሽ ያስቀሩልኝ። ሌሎቹን እንደ ልማዳችሁ አጽዱ፤ ሰባተኛውን ግን እኔ እስክመጣ ማንም አይንካብኝ።

ኡናይሲ